ከአቶ ሽብሩ ካርድ የሚቆርጠው እጅ

አቶ ሽብሩን ሞተው ያገኘቻቸው ሲና ናት። ሲነጋጋ ውሃ ልትቀዳ ወደ ጓሮ ብትወጣ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ መውረጃ ደረጃ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው፣ አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ እንዳጠለቀ ሌላው ባዶውን ሆኖ፣ ዓይናቸው እንደተከፈተ አገኘቻቸው። ጩኸቷ የጨለለቂን ሰፈር ሰው ከየአልጋው አስነሣው። ጎረቤቱ ተንጋግቶ መጣ። መጥቶስ ምን ፈየደ? ጓሮውን ረጋግጦ ድራሹን አጠፋው እንጂ! ኢንስፔክተር ፌኔት ከነቀምቴ ከተማ ፖሊስ ስትደርስ ከደረጃው ሥር የቀረላት ነገር ቢኖር የሰፈሩ ሰው ሁሉ የጫማ ዳና ነበር።

ይባስ ብሎ አለቃዋ ኮማንደር ጂሬኛ ቀድመዋት ደርሰው ነገሩን ጨርሰውት ቆዩ።

«ብዙ አትልፊ» አሏት ኮፍያቸውን እያስተካከሉ። «ልጅቷ ናት። የሰውየው የባንክ ካርድ ከሕፃኗ ማቀፊያ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኘ። ስልካቸው በርሜል ውስጥ ተጥሎ ውሃ ጠጥቷል። ወድቀው ነው እንዳንል ደግሞ ሐኪሙ ክንዳቸው ላይ የጣት ምልክት አይቷል። ሰው ጨምድዶ ይዟቸው፣ ገፍትሯቸው ነው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ለምን ገደለቻቸው?»

«ለካርዱ ነዋ! ሰውየው ‹የማላውቀው ነገር በየወሩ ከጡረታዬ ይቆረጣል› እያሉ ሲያለቅሱ እንደከረሙ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል እኮ።»

ሲና በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። በታሰረ እጇ ልጇን ጡት ለማጥባት ትታገላለች። ከጊዳ አያና ነው የመጣችው። ያ ሁሉ መከራ የወረደ ጊዜ ባሏን ቀብራ፣ ቤቷ ተቃጥሎ፣ በለበሰችው ልብስ ነቀምቴ ገባች። አቶ ሽብሩ ደግሞ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ አባታቸው ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። መናኸሪያው አጥር ሥር ቁጭ ብላ አዩአትና ቤታቸው አስገቧት። ከዚያ ወዲህ ምግባቸውን ታበስላለች፣ ልብሳቸውን ታጥባለች፤ «አባባ» ነው የምትላቸው።

ፌኔት አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «ካርዱ እንዴት አንቺ ዘንድ መጣ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

«ራሳቸው ሰጡኝ! ትናንት ከባንክ ሲመለሱ ‹ሲና፣ አንቺ ስልክ የለሽም፤ ካርዱ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። ለማንም እንዳታሳዪ› አሉኝ። ደበቅኩት። ሌላ ምንም አላደረግኩም። እኔ ዘመድ የለኝም። እኔን ብትወስዱኝ ልጄን የሚይዝልኝ አንድ ሰው እንኳ የለም። ከፈለጋችሁ ግደሉኝ፤ ብቻ ከልጄ አትለዩኝ።»

ፌኔት ግንባሯን አከከች። ስልክ የሌላት ሰው ካርድ ትደብቃለች ማለት ምን ማለት ነው? ስልክና ካርድን ምን አገናኛቸው?

«ጌታዬ፣ ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ» አለች ወደ ኮማንደሩ ዞራ።

«ከምሳ በኋላ ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ። ለሕፃናት ማሳደጊያውም ደውያለሁ፤ ሕፃኗን ይረከባሉ። እስከዚያ የምታመጪው ካለ አምጪ።»

«ማሳደጊያ» የሚለውን ቃል ሲና ሰማችው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘቻት፤ ሕፃኗ ሕመሙን አልቻለችምና እሷ ናት የጮኸችው።

ፌኔት በእግሯ ወደ ባንኩ ወረደች። የደንበኞችን አቤቱታ የምትቀበለው ዱረቲ የምትባል ወጣት ሠራተኛ ናት። ወሬው ቀድሞ ደርሷት ዓይኗ አብጧል።

«ትናንት እዚህች መስኮት ላይ ቆመው ነበር እኮ!» አለች ዱረቲ። «ሆድ የሚበላው ነገር፣ ኢንስፔክተር፣ ስንት ጊዜ መለስናቸው መሰለዎት። አንድ ሰው በካርዳቸው ቁጥር በኢንተርኔት የሆነ አገልግሎት ላይ ደንበኛ ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይነካው በየወሩ ራሱን ችሎ ይቆርጣል።»

«ምን ዓይነት አገልግሎት?»

«የሚቆርጠው ድርጅት ስሙ የፈረንጅ ፊደል ድርድር ነው። ምን እንደሚሸጥ እኛም አናውቀውም። ሲመዘገብ ማረጋገጫ ቁጥር ወደ ስልካቸው ተልኳል፤ ስለዚህ ‹ራስዎ ፈቅደዋል› እያልን እንመልሳቸዋለን። ሰውየው ማረጋገጫ የሚባል ነገር ከነመፈጠሩ አያውቁም።»

«ስለዚህ ያስመዘገበው ሰው ካርዱንም ስልኩንም ነክቷል።»

«የግድ ነው። ግን አንድ ቀን ብቻ መንካት ይበቃዋል። ቁጥሩን ከቀዳ ካርዱ ለምኑ ነው? ትናንት ሲያለቅሱ ሳይ ግን አልቻልኩም። ዋናው መሥሪያ ቤት ደውዬ ክፍያውን አስቆምኩላቸው፣ ካርዱንም ዘጋሁት። አሁን ያ ካርድ እንደ ፕላስቲክ ቁራጭ ነው።»

«መዘጋቱን ያውቁ ነበር?»

«አጠገቤ ቆመው ነው የዘጋሁት! ‹ልጄ፣ ብሩ አይደለም የጨረሰኝ› አሉኝ። ‹ቁጥሬን የሚያውቁት የግቢዬ ልጆች ናቸው። አብሬያቸው እየበላሁ አንዱ ይሆን ሌላው እያልኩ ማደር ነው የገደለኝ።› እኔም ላጽናናቸው ብዬ ‹አባባ፣ አይጨነቁ፣ አገልግሎቱ ሲቋረጥ የሚጠቀምበት ሰውዬ ራሱ ይንጫጫል፤ ያኔ ያውቁታል› አልኳቸው። አልሳቁም። ‹ባላውቀውስ ይሻለኝ ይሆን?› ብለው ወጡ።»

«ሌባው ማታ እንደገና ሊከፍል ሞክሮ ቢሆንስ?»

«አይሄድለትም። ‹ክፍያው አልተሳካም› የሚል መልእክት ግን ወዲያው ወደ አባባ ስልክ ይገባል። ዋናውን መሥሪያ ቤት ጠይቄ እደውልልዎታለሁ።»

«ጋለቶሚ» ብላ አመስግናት ፌኔት ወጣች።

ግቢው ስትመለስ የእድሩ ሰዎች ድንኳን እየተከሉ ነበር። አቶ ሽብሩ ከመንገዱ ዳር ያሉትን ሁለት ክፍሎች አከራይተዋል። አንዱ የታዲዮስ ኳስ ማሳያ ቤት ነው፤ ሌላው የኢቢሳ ፀጉር ቤት። ጓሮ በኩል ከሲና ክፍል አጠገብ ነብዩ የሚባል ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የኮምፒዩተር አስተማሪ ይኖራል። በቃ፣ ግቢው ይኸው ነው። ሌባውም ገዳዩም ከነዚህ አይወጣም።

ኮምፒዩተር የሚያውቀውን መጀመሪያ መጠርጠር የማን ደንብ ነው? የሁሉም! ነብዩም ይህንን አውቆ ፊቱ አመድ መስሎ ጠበቃት።

«የጋሽ ሽብሩን ስልክ የማስተካክለው እኔ ነኝ፤ አልክድም» አለ ሳትጠይቀው። «ግን ካርዱን ማን ያልነካ አለ? ወደ ከተማ የሚወጣ ሁሉ ነው ይዞላቸው የሚሄደው። የምስጢር ቁጥሩንም ከበረንዳው ላይ ሆነው ጮክ ብለው ነው የሚነግሩት። ኧረ በመንገድ የሚያልፍ የባጃጅ ሹፌር ሳያውቀው አይቀርም! ‹ጋሼ፣ ይሄ ምስጢር ነው› ስላቸው ‹ከልጆቼ ምን ምስጢር አለኝ?› ይሉኛል።»

«አንተ በኢንተርኔት የምትከፍልበት ነገር አለህ?»

«ትምህርት እከታተላለሁ። ትናንት ማታ ፈተና ነበረኝ። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሆኜ ነው የተፈተንኩት። ዘበኛው አብሮኝ ነበር፤ ጠይቂው።»

«ፈተናው መሐል ላይ ተቋረጠብህ?»

«ኧረ ጨርሼ ነው የወጣሁት። ለምን?»

ፌኔት ወደ ኢቢሳ ፀጉር ቤት ተሻገረች። ኢቢሳ ሱቁን ለሐዘኑ ዘግቶ በመስታወቱ ፊት ብቻውን ቁጭ ብሏል። መላጫ ማሽኑ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ገመዱ ስንት ቦታ በፕላስተር ተጠቅልሎ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ተያይዟል።

«ኦቦ ሽብሩ እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ ሰው ናቸው» አለ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እያፈራረቀ። «ሲና ገደለቻቸው ይላሉ። ሶባ! ውሸት! እሷ ትል አትረግጥም።»

«ማታ የት ነበርክ?»

«እዚሁ፤ የት እሄዳለሁ? የኳሱ ቀን ሰው ሁሉ ታዲዮስ ጋ ስለሚታጎር ሥራ አይኖረኝም። ትናንት ግን ጨዋታው ተቋረጠና ሰዉ ወደ እኔ ጎረፈ። ‹መጀመሪያ ምስሉ ደረቀ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መብራቱ ድርግም አለ› እያሉ ሲነጫነጩ አመሹ። ጠባዩን ታውቂው የለ የነቀምቴን መብራት። እኔ ግን ገበያ ሆነልኝ፤ እስክዘጋ ድረስ ስላጭ ነው ያመሸሁት።»

«ይሄን ሁሉ ሙዚቃ ከየት ነው የምታመጣው?» አለች ትልቁን ስፒከር እያየች።

«ከፍላሽ ነዋ! ሃያ ጊዜ የሰማሁት ዘፈን ነው። አዲስ የምገዛበትን ማን ሰጥቶኝ? ያለኝን የመብራት ሂሳብ በላው። ሁላችንም የምንጠቀመው በኦቦ ሽብሩ አንድ ቆጣሪ ነው። ታዲዮስ ትልቁን ቴሌቪዥን ከፍቶ ያመሻል፣ እኔ ደግሞ እኩል እከፍላለሁ። በየወሩ ጭቅጭቅ ነው።»

ከውጭ ዋይታ ተሰማ። ታዲዮስ ነው፣ ደረቱን እየደቃ። አቶ ሽብሩ ክርስትና ያነሡት ልጅ ነው፤ እናቱ ከሞቱ በኋላ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ኳስ ቤቱንም በዝምድና ዋጋ ነው ያከራዩት። የሐዘኑ ባለቤት እሱ ነውና ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ደግፎታል።

ፌኔት ለቅሶው ጋብ እስኪል ጠበቀች። ከድንኳኑ ገመድ አንዱ የሚታሰርበት ጠፍቶ ወጣቶቹ ጣሪያ ላይ ወጥተዋል።

«ቆርቆሮውን አትርገጡት! ትበሱታላችሁ!» አለ ታዲዮስ በዚያ ሐዘን መሐል ቀና ብሎ። ልጆቹ ወደ ጠርዙ ሸሹና ገመዱን በዲሹ ብረት ላይ ጠምጥመው ሳቡት። ዲሹ እየተንቋቋ ዞረ፤ ፊቱን ወደ መሬት ደፋ። ታዲዮስ አየው። አይቶም መልሶ አቀረቀረ።

«እግዜር ያጥናህ» አለችው ፌኔት አጠገቡ ተቀምጣ። «ማታ ምንም አልሰማህም?»

«ብሰማ ኖሮ! መብራት ጠፋ፣ ሰዉን በተንኩ፣ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። የክርስትና አባቴ እዚያ ወድቀው እኔ ተኛሁ!» እንባው እውነተኛ እንባ ነበር። ፌኔት ብዙ የውሸት ለቅሶ አይታለችና ልዩነቱን ታውቃለች፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ ግራ አጋባት።

«ኳሱን በምንድን ነው የምታሳየው?»

«በዲሽ ነዋ፣ በምን ይሆናል?»

ፌኔት ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ከጣሪያው የወረደውን የዲሽ ገመድ በዓይኗ ተከተለችው። ጫፉ ከኳስ ቤቱ ግድግዳ ውጭ ተንጠልጥሏል፤ የጫፉ መዳብ ዝጎ ሸረሪት አድርቶበታል። ያኔ ስልኳ ጮኸ። ዱረቲ ናት።

«ተሞክሯል፣ ኢንስፔክተር። ማታ፣ ደጋግሞ። የትኛው ስልክ እንደሆነ ግን ከኛ አይታወቅም።»

ፌኔት ስልኩን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ማን እንደሆነ አውቃለች። ግን ምን በእጇ አላት? ስሙ የማይነበብ ድርጅት፣ ውሃ የጠጣ ስልክ፣ የተንጠለጠለ ገመድ። ኮማንደሩ ይሄንን ሰምተው ይስቁባታል። ሕፃኗ ደግሞ ወደ ማሳደጊያ ትሄዳለች። አንዴ ከእናት የተለየች ሕፃን ወረቀት ለወረቀት ስትንከባለል እንደምትኖር ፌኔት በሥራዋ አይታለች። ሲናም ከጊዳ አያና ያተረፈችው ነገር እሷው ብቻ ናት። ፌኔት ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ጸሎት ነበር ቢባል አትክድም።

ከዚያ ተነሥታ ወደ ኮማንደሩ ደወለች። «ሲናን ወደ ፍርድ ቤት ከመውሰድዎ በፊት በዚህ በኩል ይለፉ። እባክዎ። ከተሳሳትኩ ሁለተኛ አልለምንዎትም።»

ኮማንደር ጂሬኛ እያጉረመረሙ መጡ። ሲናን ከነልጇ ከመኪና አወረዷት። ፌኔት ሰዎቹን ኳስ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ነብዩ ጥግ ላይ ቆመ፣ ኢቢሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ታዲዮስ በትልቁ ቴሌቪዥን ሥር።

«አጭር አድርጊው» አሉ ኮማንደሩ።

«አጭር ነው። ሲና ለካርዱ ብላ ገደለች ብለናል። ካርዱ ግን ትናንት ቀን ባንክ ውስጥ ተዘግቷል፤ አቶ ሽብሩም ያውቁ ነበር። ታዲያ የማይሠራ ካርድ ለምን ደብቂልኝ አሏት? ቁጥሩን ዳግም ማንም እንዳይቀዳ ፈርተው ነው። ለሷ የሰጧትም ስልክ ስለሌላት ነው። ከግቢው ሰው በኢንተርኔት ልትከፍል የማትችል እሷ ብቻ ናት። ከሁሉም እሷን አመኑ።»

ሲና ቀና አለች።

«ሌባ ያልሆነች እንደሆነስ ነፍሰ ገዳይ አትሆንም?» አሉ ኮማንደሩ።

«ስልኩን ይዩት፣ ጌታዬ። ሌባ ስልክ ይሸጣል እንጂ በርሜል ውስጥ አይጨምርም። በርሜል የገባው አፍ ስላለው ነው። ማታ አንድ ሰው በዚያ ካርድ ሊከፍል ደጋግሞ ሞክሯል፤ ክፍያው እምቢ ባለ ቁጥር ለአቶ ሽብሩ መልእክት ይገባል። ጥያቄው ይሄ ነው፤ ክፍያው መቆሙን ማን አወቀ? አቶ ሽብሩ ለማንም አልተናገሩም። የሚያውቀው አገልግሎቱ የተቋረጠበት ሰው ብቻ ነው።»

ፌኔት በጣቷ ወደ ጥጉ አመለከተች።

«ነብዩ በኢንተርኔት ይማራል። ማታ ግን ፈተናውን ጨርሶ ነው የወጣው፤ ዘበኛውን ደውዬ ጠይቄዋለሁ። የሱ አልተቋረጠም። የኢቢሳ ሙዚቃ ከፍላሽ ነው። ትናንት ማታ በዚህ ግቢ የተቋረጠው አንድ ነገር ነው፤ ጨዋታው።»

«መብራት ጠፍቶ ነው!» አለ ታዲዮስ። «ሰው ሁሉ ምስክር ነው!»

«ነው። ሰው ሁሉ ‹መጀመሪያ ምስሉ ደረቀ፣ ቆይቶ መብራቱ ጠፋ› ይላል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚጠፋው፣ ታዲዮስ። ምስሉ ምን ብሎ ቀደመ?»

ፌኔት ወደ አግዳሚው ዞረች።

«ኢቢሳ፣ ያኔ ሰዉን በምን ስትላጭ አመሸህ?»

«በማሽ…» ኢቢሳ ቃሉን ሳይጨርስ ተነሥቶ ቆመ። «ወይ ጉዴ! በማሽኑ! መብራት ነበረኝ እኮ!»

«በአንድ ቆጣሪ» አለች ፌኔት። «የዚህን ከተማ ሰው ‹መብራት ጠፋ› ካሉት በቃ፣ ማንም አይመረምርም። አምርሮ ይሳደብና ይሄዳል። እዚያ ማዶ መብራት እያየ እንኳ ‹የኛ መስመር ነው› ይላል። ኔትወርክ ጠፋ ቢል ግን ‹ዲሽ ከኔትወርክ ጋር ምን አገናኘው?› ይሉት ነበር። የማጥፊያው ሳጥን ይኸውላችሁ፣ ከበሩ ጀርባ። አንድ ጣት ይበቃዋል።»

«ዲሹ…» አለ ታዲዮስ።

«ዲሹን ዛሬ ልጆቹ ሲያዞሩት አየህ። ለቆርቆሮው ተቆጣህ፣ ለዲሹ ዝም አልክ። ኳስ ቤት ያለው ሰው ዲሹን በጣት ቢነኩበት ሰፈር ያናውጣል። ገመዱ ከውጭ ተንጠልጥሎ ዝጓል። ይሄ ቴሌቪዥን ኳሱን የሚያመጣው በኢንተርኔት ነው፤ በአቶ ሽብሩ ካርድ ነው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለምን ሰዉን አስወጣህ? በእረፍት ሰዓት ሰው ሁሉ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ይወርዳል። ከደረጃው ሥር ደግሞ አንድ ነገር ነበር።»

ታዲዮስ ይክዳል ብለው ሁሉም ጠበቁ። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ሥራ ስጀምር አንድ ወር ብቻ ብዬ ነው በካርዳቸው የተመዘገብኩት» አለ። «እከፍላቸዋለሁ ብዬ። ከዚያ በየወሩ ዝም ብሎ ይቆርጣል። ‹ማን ነው የሚቆርጠኝ?› እያሉ ሲያለቅሱ አብሬ ተቀምጬ አጽናናቸዋለሁ። አንድ ቀን ልነግራቸው ከበሩ ደርሼ ተመለስኩ። ማታ ቤቱ ሞልቶ ምስሉ ደረቀ። ሰዉ ይጮህብኛል። ጓሮ ወጥቼ ደጋግሜ ሞከርኩ። ቀና ስል ስልካቸውን ይዘው ከፊቴ ቆመዋል። ‹ታዲ፣ አንተ ነህ?› አሉኝ። ቀስ ብለው ነው ያሉኝ። ሰው ሰማ ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። እሳቸው አልጮኹም፤ እኔ ነኝ የጮኽኩት። ገፋኋቸው።»

«ወዲያው ሞቱ?» አለች ፌኔት።

ታዲዮስ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው።

«አልሞቱም። ወርጄ ጭንቅላታቸውን ያዝኩላቸው። ‹ልጄ፣ አንተ መሆንህን ባውቅ አላስቆመውም ነበር› አሉኝ።»

ኢቢሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኮማንደር ጂሬኛ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«በሕይወት ነበሩ?» አለች ሲና። «እኔ ከግድግዳው ወዲያ ልጄን ሳስተኛ ነበር እኮ፣ ታዲዮስ። ለምን አልጠራኸኝም? ሐኪም ቤት እናደርሳቸው ነበር። በጀርባዬ አዝዬ አደርሳቸው ነበር!»

ታዲዮስ አላያትም።

«ብትመጪ ይድኑ ነበር» አለ። «ከዳኑ ደግሞ ሰው ሁሉ ያውቅብኝ ነበር።»

ከሲና ሆድ የወጣው ድምፅ ጠዋት ከጮኸችው የበለጠ ነበር፤ ከድንኳኑ ሥር የነበሩት ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ በዋይታ ተቀበሏት። ኮማንደሩ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ካቴናውን ከእጇ ፈቱና ወደ ታዲዮስ ሄዱ። እሷ ግን እጇ መፈታቱን ልብ አላለችም፤ ሁለቱን አንጓዎቿን እንደገጠመች ቆማ ታለቅስ ነበር።